ሁለቱ ቮልት ሁሉ ሽቦው ላይ አይደርስም

ጠያቂያችን ርዝመቱ 100 ሴንቲሜትር፣ ሬዚስታንሱ 8 ኦም የሆነ የፖቴንሽዮሜትር (የሴልን ቮልቴጅ በሽቦ ርዝመት የሚለካ መሣሪያ) ሽቦ 2 ቮልት ከሚሰጥ የእርሳስ አሲድ ሴል ጋር፣ በመካከል ባለ 2 ኦም ሬዚስተር አስገብተው በተከታታይ አያይዘዋል። ዳግም የሚሞላ ትንሽ ሴል ሲለኩ የጋልቫኖሜትሩ (ጥቂት ከረንትን የሚያሳየው መሣሪያ) ቀስት 80 ሴንቲሜትር ላይ ዜሮ ሆነላቸው፤ 2 ቮልቱን ለ100 አካፍለው በ80 ሲያባዙት 1.6 ቮልት አገኙ፤ መልቲሜትራቸው ግን 1.28 ቮልት ያሳያል። የትኛው ትክክል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ትክክሉ መልቲሜትሩ ነው። ሽቦውም የሚዛኑን ነጥብ፣ ማለትም ቀስቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ፣ በትክክል አሳይቶዎታል፤ የተሳሳተው ለ100 ያካፈሉት ቁጥር ነው። በኤሌክትሪክ ዑደቱ ውስጥ ሽቦው ብቻ ሳይሆን ሬዚስተሩም ስላለ ጠቅላላው ሬዚስታንስ 10 ኦም፣ የሚያልፈውም ከረንት 0.2 አምፔር ይሆናል። ከ2 ቮልቱ ውስጥ 0.4 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ይቀራል፤ በሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል የሚገኘው 0.2 ሲባዛ በ8፣ ማለትም 1.6 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር የሚደርሰው 0.016 ቮልት ሲሆን፣ በ80 ሲባዛ 1.28 ቮልት ይሰጣል። የስሌትዎ ውጤት 1.6 መሆኑና የሙሉው ሽቦ ቮልቴጅም 1.6 መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ስለሆነ እንዳያሳስትዎ።

እኔ በሥራዬ የሬዚስተሩንም የማገናኛ ገመዶቹንም ሬዚስታንስ እየደመርኩ አላሰላም፤ የገመድ ጫፍ ትንሽ ከዛገ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻልና። አንዱ መንገድ መልቲሜትሩን በቀጥታ በሽቦው ሁለት ጫፎች ላይ አድርጎ ከረንት እያለፈ ማንበብ ነው። ከዚህ የሚሻለው ግን ቮልቴጁ የታወቀ ሴል ማወዳደሪያ ማድረግ ነው። ለምሳሌ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.0186 ቮልት የሚሰጠው የዌስተን መደበኛ ሴል በእርስዎ ሽቦ ላይ 63.7 ሴንቲሜትር አካባቢ ሚዛን ያገኛል፤ 1.0186ን በ80 አባዝተው ለ63.7 ሲያካፍሉ፣ ስለ ሬዚስታንስ ምንም ሳያስቡ፣ እንደገና 1.28 ይመጣል። ይህ የሚሠራው በሁለቱ ልኬቶች መካከል የሽቦው ከረንት ካልተለወጠ ብቻ ስለሆነ፣ ሬዚስተሩን አይንኩ፤ ሽቦው እንዳይሞቅ፣ ሴሉም እንዳይደክም ማብሪያውን ለልኬቱ ጊዜ ብቻ ያብሩ።

በሚዛኑ ነጥብ ላይ ከሚለካው ሴል ምንም ከረንት ስለማይወጣ የሴሉ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ውጤቱን አይነካም፤ ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ የሚከበረውም በዚህ ነው። በሽቦው ላይ የሚንቀሳቀሰውን መንኪያ ግን እየተጫኑ አይጎትቱት፤ እያነሱ ይንኩ። የተፋቀ ሽቦ ውፍረቱ እኩል ስለማይሆን ርዝመትና ቮልቴጅ መመጣጠናቸውን ያጣሉ።

ከ1.6 ቮልት በላይ የሆነ ሴል በዚህ አያያዝ ሊለካ አይችልም፤ ቀስቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነብላል። የሚለካው ሴል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሲገላበጥም ምልክቱ ያው ስለሆነ፣ መጀመሪያ ፖዘቲቮቹ በአንድ ጫፍ መገናኘታቸውን ይመልከቱ። በተቃራኒው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ የሚሰጥ ቴርሞካፕል (በሙቀት ልዩነት ቮልቴጅ የሚሰጥ የሁለት ብረቶች መጋጠሚያ) ለመለካት ከፈለጉ፣ 2 ኦሙን አውጥተው 792 ኦም ያስገቡ፤ ያን ጊዜ መላው ሽቦ 20 ሚሊቮልት፣ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር 0.2 ሚሊቮልት ይይዛል፤ ለምሳሌ 4 ሚሊቮልት የሚሰጥ ቴርሞካፕል 20 ሴንቲሜትር ላይ ሚዛን ያገኛል።