ማልቀስም መደሰትም አቃተኝ፤ መድኃኒቱ ነው ወይስ እኔ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ከዓመት ከሁለት ወር በፊት ድብርት ይዞኝ ሰርትራሊን ታዘዘልኝ። አሁን በቀን 100 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ረድቶኛል። ያኔ ከአልጋ መነሳት እንኳ ያቅተኝ ነበር። አሁን ሥራዬን እሠራለሁ፣ እንቅልፌንም እተኛለሁ። ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ባለፈው ወር ወንድሜ ከስድስት ዓመት በኋላ ከውጭ ተመለሰ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ቤተሰቡ ሁሉ ተቃቅፎ ይላቀሳል። እኔ ዳር ቆሜ ሻንጣዎቹን እቆጥር ነበር። አራት ናቸው። እንደምወደው አውቃለሁ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። ልጄ ስትስቅ እኔም እስቃለሁ፤ የሚስቀው ግን ፊቴ ብቻ ነው። ባለቤቴ «ጠላሽኝ እንዴ?» ይለኛል። መድኃኒቱ ነው ወይስ እኔው ነኝ ደንዝዤ የቀረሁት? ላቁመው?

መልስ፦ ከመጨረሻዋ ጥያቄ ልጀምር። በራስዎ ጊዜ አያቁሙት። ሐኪምዎን እስኪያገኙ ድረስ የታዘዘልዎትን መጠን ሳያጓድሉ ይውሰዱ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ደግሞም ልብዎ አልደነደነም። ወንድሙን የማይወድ ሰው «ለምን አላለቀስኩም?» እያለ ወር ሙሉ ሲብሰለሰል አይከርምም። ፍቅሩ አለ። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተላወሰ እንል የለ? ስሜት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ሰውነት ላይ ይወርዳል። እርስዎ ጋር ሐሳቡ ደርሷል፤ ሆድዎ ግን አልሰማም። ይህ የስሜት መደንዘዝ ይባላል። ከድብርት መድኃኒቶች ጋር ተያይዞ በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው።

አዲስም አይደለም። የሰርትራሊን ዘመድ የሆነው ፍሉኦክሰቲን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ላይ ነው። በ1990 ሐኪሞች ይህንና መሰል መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ ታካሚዎቻቸው ምንም ነገር ግድ የማይሰጣቸው እየሆኑ መምጣታቸውን ጽፈው ነበር። በ2017 በወጣ ጥናት ደግሞ የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ከ600 በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ 46 በመቶዎቹ ስሜታቸው በተወሰነ ደረጃ መደንዘዙን ተናግረዋል። ግማሽ ገደማ ማለት ነው። እና ብቻዎን አይደሉም።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው የሚያውቀው ነገር ለምን አይወራም? ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛ የሐኪሞቹ ነው ብዬ አምናለሁ። የክትትል ቀን ምን እንደሚመስል ያውቁታል። «እንቅልፍ?» «ደህና ነው።» «ምግብ?» «እበላለሁ።» «ለቅሶውስ?» «ኧረ ቆሟል።» ካርዱ ላይ «ተሽሏታል» ተብሎ ይጻፋል። መድኃኒቱ ይደገማል። ቀጣዩ ሰው ይገባል። ለቅሶው ሲቆም ሳቁም አብሮ ቆሞ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ታካሚውም ቢሆን «ከዚያ ሁሉ ስቃይ ወጥቼ ይሄን ባማርር ውለታ ቢስ አልሆንም?» ብሎ ዝም ይላል። እባክዎ እርስዎ ዝም አይበሉ።

ነገሩ እንዴት ይመጣል? ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሰቲን፣ ኤስሲታሎፕራምና የመሳሰሉት አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በነርቮች መካከል በብዛት እንዲቆይ ያደርጋሉ። ይህ ጭንቀትንና ሐዘንን ያበርዳል። ነገር ግን ሴሮቶኒን ብቻውን አይሠራም። «ይህ ደስ ይላል፣ ድገመው» የሚል መልእክት ከሚያስተላልፈው ከዶፓሚን ጋር የተሳሰረ ነው። ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ፣ ሴሮቶኒኑ ሲበረታ የዶፓሚኑ መስመር በአንዳንድ ሰው ላይ ይቀዘቅዛል የሚለው ነው። በ2023 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። 66 ጤነኛ ሰዎችን ወስደው፣ ለከፊሎቹ ኤስሲታሎፕራም፣ ለሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ሰጧቸው። ከዚያ ትክክል ሲመርጡ «ትክክል»፣ ሲሳሳቱ «ስህተት» እየተባሉ የሚማሩበት ፈተና ተሰጣቸው። መድኃኒቱን የወሰዱት ለዚያ ምላሽ የሚሰጡት ትኩረት ቀንሶ ተገኘ። ይህን ጥናት የምወደው ሰዎቹ ጤነኞች ስለነበሩ ነው። «ድብርቱ ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም» ለማለት አያስችልም።

በነገራችን ላይ፣ ይህ መቀዝቀዝ ለሁሉም ሰው ክፉ አይደለም። ቀንና ሌሊት በጭንቀት ሲናጥ ለከረመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቅ ዕረፍት ነው። ችግር የሚሆነው ማዕበሉ ካለፈ በኋላም ሲቆይ ነው።

መድኃኒቱ ነው ወይስ እኔ ላሉት፣ ከጻፉልኝ ተነስቼ ሳየው ወደ መድኃኒቱ አደላለሁ። ድብርት ራሱ ደስታን ይነጥቃል፣ ያ እውነት ነው። ግን ድብርት ደስታን ሲወስድ ሕመሙን ይተዋል፤ ሰውየው ይከብደዋል፣ ራሱን ይወቅሳል፣ ነገ ይጨልምበታል። መድኃኒቱ ሲያደነዝዝ ሁለቱም ነው የሚሄዱት። ደስታውም የለም፣ ሐዘኑም የለም። ሌላው ምልክት ጊዜው ነው። መደንዘዙ መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ከመጣ ጥርጣሬው ወደዚያ ይሄዳል። እርስዎ ወደ 100 የወጡት መቼ ነበር? ያኔ አካባቢ ከሆነ ለሐኪምዎ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ ጥርት ብሎ አይለይም። ቀድሜ በጠቀስኩት የ2017 ጥናት፣ ይበልጥ ደንዝዘናል ያሉት ሰዎች የድብርት ምልክትም ይበልጥ ያልለቀቃቸው ነበሩ። ያልለቀቀ ድብርት ከሆነ መድኃኒቱን መቀነስ ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ነው አንድ ሰው በደንብ ጠይቆ መለየት ያለበት። የታይሮይድ እጢ ሲዳከም፣ መጠጥ ሲበዛ፣ ድካም ሲደራረብም ሰው ይደነዝዛል። የታይሮይዱ በቀላል የደም ምርመራ ይታያል።

አሁን ወደ ማቆሙ እንምጣ። ሰርትራሊን ድንገት ሲቆም አንጎል ይደናገጣል። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ነገር ይመጣል። እና አንድ ወጥመድ አለ፤ ድንገተኛ ለቅሶም ይመጣል። በራሱ ያቆመ ሰው በሦስተኛው በአራተኛው ቀን እንባው ዱብ ዱብ ሲል «ስሜቴ ተመለሰ፣ ዳንኩ!» ይላል። አልተመለሰም። ሰውነቱ መድኃኒቱን እየፈለገ ነው። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ድብርቱ ራሱ በር ሊያንኳኳ ይችላል።

መቀነሱም ቢሆን ብልሃት ይፈልጋል። ደረጃ ሲወርዱ ያስቡት። የዚህ መድኃኒት ደረጃዎች ከላይ አጫጭር ናቸው፣ ወደ መሬት ሲቃረቡ ግን እያንዳንዱ እርምጃ እየረዘመ ይሄዳል። ከ100 ወደ 75 መውረድ ለአንጎል ትንሽ ለውጥ ነው። ከ25 ወደ ዜሮ ግን ዝላይ ነው። በትንሹ መጠን እንኳ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ከሚሠራበት ቦታ አብዛኛውን ይዞ ስለሚቆይ ነው። ለዚህ ነው መጨረሻው ላይ ቀስ፣ በጣም ቀስ የሚባለው። ለአንዳንዱ ሰው ወራት ይፈጃል።

ሐኪምዎ ምን ሊያደርግ ይችላል? የመጀመሪያው መጠኑን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። መደንዘዙ ብዙ ጊዜ ከመጠኑ ጋር ስለሚሄድ፣ ለብዙ ሰው ይህ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ መድኃኒት መቀየር አለ። ቡፕሮፒዮን ሴሮቶኒንን ስለማይነካ የማደንዘዝ ነገሩ አነስተኛ ነው፤ የሚጥል በሽታ ወይም ከባድ የአመጋገብ መዛባት ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። ቮርቲኦክሰቲንም አለ። በሌላ መድኃኒት ደንዝዘው ወደዚህ የተቀየሩ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ግማሽ የሚሆኑት መደንዘዙ እንደለቀቃቸው ተናግረዋል። እርግዝና ካለ ወይም እያሰቡ ከሆነ ከመቀየሩ በፊት ይናገሩ። ሌላም መንገድ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድብርት የያዘው ሰው ከተሻለው በኋላ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር መድኃኒቱን እንዲቀጥል ይመከራል። እርስዎ ከጀመሩ 14 ወር ሆኖዎታል። ምናልባት ሕክምናውን ስለ መጨረስ የምትነጋገሩበት ጊዜ ደርሶ ይሆናል። ከዚህ በፊትም ይዞዎት ከነበረ ግን ስሌቱ ይለወጣል።

ስሜት ሲመለስ ደግሞ መርጦ አይመለስም። አንድ ታካሚዬ መጠኑ ከተቀነሰለት ከአምስት ሳምንት በኋላ ፊቱ በርቶ ገባና «ዶክተር፣ ትናንት ተናደድኩ!» አለኝ። ጎረቤቱ ሬዲዮ ከፍቶበት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም ቢለው አይሰማውም ነበር። መጀመሪያ የመጣለት ንዴት ነው፤ ሳቁ ቆየት ብሎ ደረሰ። እርስዎም ቤት ውስጥ መነጫነጭ ቢጀምሩ አይደንግጡ፤ ግን ከበረታ፣ እንቅልፍ ከነሳዎት ወይም የድሮው ጨለማ ከተመለሰ ለሐኪምዎ ይደውሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ ባለቤትዎ። ይህን ጽሑፍ ያስነብቧቸው። «አልጠላሁህም፤ መድኃኒቱ ስሜቴን ሸፍኖብኝ ነው፣ ላስተካክለው ነው» ማለት ይበቃል። እርስዎ ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልጨምር፤ እነዚህ መድኃኒቶች የወሲብ ፍላጎትንም ይቀንሳሉ፣ እርካታንም ያዘገያሉ፤ ብዙ ጊዜም ከመደንዘዙ ጋር አብረው ይመጣሉ። ባለቤትዎ «ጠላሽኝ» ያሉት ከዚህ ተነስተው ሊሆን ይችላል። ለሐኪምዎ ይህንንም ሳያፍሩ ይንገሩ። ሕክምናው ያው ነው።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ማታ ማታ አንዲት መስመር ይጻፉ። ዛሬ ድሮ ቢሆን ደስ የሚያሰኘኝ ወይም የሚያስለቅሰኝ ምን ነበር? ምን ተሰማኝ? በቃ ይህን ብቻ። መጠኑ ከተለወጠ በኋላም ይቀጥሉበት። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ራሱ ሳያስተውለው ያልፋል፤ ወረቀቱ ግን ያሳያል።

ሐኪምዎ ፊት ሲቀመጡና «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ» አይበሉ። ለእኔ የጻፉልኝን ይንገሯቸው። ወንድሜ ከስድስት ዓመት በኋላ መጣ፣ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ ሻንጣ እቆጥር ነበር ይበሉ። አራት እንደነበሩም ይጨምሩበት።