75 ሳንቲምና 12 ጎማ

ባለፈው ወር የጓደኛዬ ልጅ እቤቴ መጣች። ሒሳብ አያያዝ ተምራ ሥራ ከያዘች ገና ዓመት አልሞላትም። ቡናው እስኪፈላ መታገሥ አቅቷት ስልኳን ከፍታ የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ፣ የመልእክት ልውውጥና የሰዎች ስም በየተራ ታሳየኝ ጀመር። «ጋሼ፣ ሁሉም የተያያዙ ናቸው፤ ከግዥ ክፍል ጀምሮ እስከ ላይ» አለችኝ። ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ልታወጣው ነበር። እኔ የጠየቅኋት አንድ ነገር ነው፤ «ከዚህ ሁሉ በፊት አልገጥም ያለሽ ቁጥር የትኛው ነው?» ብዙ ፈለገችና በመጨረሻ የ340 ብር ልዩነት አገኘች። መጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ የገባው እሱ ነበር። ስሞቹ ሲበዙ ረስታዋለች።

ይህን ደብዳቤ የጀመርሁት ለእሷ ነው። ነገር ግን እንደ እሷ ያላችሁ ብዙ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁና ለሁላችሁም ይሁን። ከ30 ዓመት በላይ ኦዲተር ሆኜ ሠርቻለሁ።

የሴራ ታሪክ እንደምትወዱ አያለሁ፤ እኔም እወዳለሁ። ዓይን አፋር የዩኒቨርሲቲ ሰው ሳያስበው ከወንጀለኞች ጋር የሚፋጠጥበት ታሪክ በልብ ወለዱም በፊልሙም ሞልቷል። እኔ ግን በእውነት የሆነውን አንዱን ልንገራችሁ።

ክሊፎርድ ስቶል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበር። የምርምር ገንዘቡ ሲያልቅ ይሠራበት የነበረው፣ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ወደ ኮምፒውተር ክፍል አዛወረው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1986፣ በእኛ 1978 ዓ.ም. ክረምት መሆኑ ነው፣ አዲሱን ሥራ እንደ ጀመረ አንድ ባልደረባው የወሩን ሒሳብ ሰጠው። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሩን የተጠቀመ ሁሉ በተጠቀመበት ጊዜ ልክ ይከፍል ነበር። ሒሳቡ 75 ሳንቲም ጎደለ።

ይህ ቁጥር በብዙ መሥሪያ ቤት «አጠጋጋውና እለፈው» የሚባል ነው። እኔ ግን ስለ እሱ ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ትልቅ ልዩነት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ገጽ ተዘልሏል፣ አንድ ዜሮ ተጨምሯል። ትንሿ ልዩነት ናት የምታስፈራው፤ ሁለት ትልልቅ ስሕተቶች እርስ በርስ ተጣፍተው የተረፈች ፍርፋሪ ልትሆን ትችላለች። ስቶል ፍርፋሪዋን ተከትሎ ሄደ። «ሃንተር» በሚል ስም የተመዘገበ፣ ክፍያው ለማን እንደሚላክ የማይታወቅ ተጠቃሚ አገኘ። ቆይቶም አንድ ሰው በፕሮግራም ክፍተት ገብቶ የኮምፒውተሩ ጌታ ሆኖ እንደ ተቀመጠ ደረሰበት።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ስቶል ከየጠረጴዛው ላይ ወደ 50 የሚጠጉ ማተሚያዎችና ተርሚናሎች ሰብስቦ ከውጭ በሚገቡት መስመሮች ላይ ቀጠላቸውና እዚያው ወለሉ ላይ ተኛ። ሰርጎ ገቡ ተመልሶ ሲመጣ የጻፈው እያንዳንዱ ፊደል ወረቀት ላይ ወጣ። ለምን ወረቀት? ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን መዝገብ ሰርጎ ገቡ ሊሰርዘው ይችላል፤ ወረቀቱ ጋ ግን እጁ አይደርስም። ከዚያ በኋላ ስቶል ስለ ጉዳዩ በኢሜይል መጻጻፍ ተወ፤ ሰውየው ደብዳቤ ያነብባልና በስልክና በአካል ብቻ ይነጋገር ነበር። የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ በማስታወሻ ደብተር ይጽፋል። ሰላይ ለመሆን የተማረው ነገር አልነበረም፤ ያደረገው ሁሉ ተመራማሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያደርገው ነው። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊስ አልቫሬዝ እዚያው ላቦራቶሪ ነበሩና፣ ፖሊስ ለመሆን አትሞክር፣ እንደ ምርምር ያዘው ብለው መክረውታል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ከጎረቤት ያለው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ የተማሪዎች ቀልድ ይመስላል። ስቶል ያን ቀን ስም ቢጠራ ኖሮ አንድ ያልበላ ልጅ ዕዳ ይከፍል ነበር። እሱ ግን ወረቀቶቹን እየደጋገመ አነበበ። ሰርጎ ገቡ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ምን ሥራ እየተካሄደ እንዳለ ለማየት ትእዛዝ ሲጽፍ «ኤፍ» የምትባል ፊደል ይጨምራል። ዩኒክስ ኮምፒውተሩን የሚያስኬደው ሥርዓት ነው፤ በርክሌይ በነበረው የዩኒክስ ዓይነት ያቺ ፊደል አታስፈልግም፤ እዚያ የተማረ ሰው አይጽፋትም። ጎጃሜና ሸዌ አማርኛ ሲናገሩ ከአንድ ቃል አገራቸው እንደሚለየው ማለት ነው። ከይለፍ ቃሎቹ አንዱ «የገር» ነበር፤ በጀርመንኛ አዳኝ ማለት ነው፤ «ሃንተር»ም በእንግሊዝኛ ያው አዳኝ። ሰውየው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በካሊፎርኒያ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ያ ሰዓት ጀርመን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ለአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሲደውል ምን ያህል እንደ ጠፋ ተጠየቀ። 75 ሳንቲም። ለረጅም ጊዜ የሚረዳው አላገኘም። በላቦራቶሪው በኩል ግን ሰርጎ ገቡ ወደ ጦር ሠራዊት ኮምፒውተሮች እየዘለቀ ነበር። ስቶል በኋላ እንደ ጻፈው 450 ያህል ሞክሮ ከ30 በላይ ገብቷል። የስልክ መስመሩን እስከ ጀርመኗ ከተማ እስከ ሃኖቨር ለመከታተል ሰውየው ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ነበረበት። ስቶልና ጓደኛው ማርታ መላ መቱ፤ ስለ ሚሳይል መከላከያ ዕቅድ የሚያወሩ የሐሰት ሰነዶች ጽፈው ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀመጡ። ሰውየው ገብቶ ሲያነብብ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ይባስ ብሎ ከወራት በኋላ ያንኑ የሐሰት ሰነድ የሚጠይቅ ደብዳቤ በፖስታ መጣ። ሰነዱን ደግሞ ከስቶል ወገን ሌላ ሊያየው የሚችለው ሰርጎ ገቡ ብቻ ነበር።

የሃኖቨሩ ሰው ማርኩስ ሄስ ይባላል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ያገኘውን በምሥራቅ በርሊን በኩል ለሶቪየት የስለላ ድርጅት ለኬጂቢ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የጀርመን ፍርድ ቤት በሄስና በሁለት ጓደኞቹ ላይ እስራት ፈረደባቸው፤ ቅጣቱ በገደብ ተለቀቀ። ስቶል ፍርድ ቤት ቀርቦ መስክሯል።

ከዚያው ቡድን ስለ ካርል ኮህ ሳነብብ ግን አዝናለሁ። በኮምፒውተር ጎበዝ የነበረ ልጅ ነው። ከአንድ የሴራ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ስም ወስዶ ራሱን ይጠራበት ነበር፤ 23 ቁጥርን ባየበት ሁሉ የሴራ ምልክት ያገኝበታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1989 ሞተ። 23 ዓመቱ ነበር። በሞቱም ዙሪያ እስከ ዛሬ የሴራ ወሬ አልጠፋም። ከሁለቱ ሰዎች እውነተኛውን ሴራ ያገኘው በየቦታው ሴራ ይፈልግ የነበረው ልጅ እንዳልሆነ አስቡት። ያገኘው 75 ሳንቲም ያሳሰበውና እስከ መጨረሻው ስም ሳይጠራ የቆየው ነው።

ይህን የምላችሁ ከራሴ ጥፋት ስለማውቀው ነው። በዚያው በ1978 ዓ.ም. ክረምት እኔም ጀማሪ ነበርሁ። በአንድ የመንግሥት መጋዘን የዓመቱን መዝጊያ ቆጠራ ስንሠራ 12 የከባድ መኪና ጎማ ጎደለ። ስቶክ ካርዱ ላይ አለ፣ መደርደሪያው ላይ የለም፣ የወጣበት ሞዴል 22፣ ማለትም የዕቃ ማውጫ ቅጹ፣ በዓመቱ ጥራዝ ውስጥ አልተገኘም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ያን ሰሞን ቤታቸውን ቆርቆሮ አልብሰው ነበር። ጎማውና ቆርቆሮው አንጎሌ ውስጥ ተያያዙ። ሪፖርቴ ላይ የእሳቸውን ስም ጻፍሁ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት አጎደለ መባል ምን እንደሚያመጣ አባቶቻችሁን ጠይቁ። 23 ቀን ጣቢያ አደሩ። ሚስታቸው ምሳ በሳህን ይዛ ስትሄድ መንገድ ላይ ታገኘኝና አንገቷን ደፍታ ታልፈኝ ነበር።

ጎማው የት ነበረ? የውጭ ባለሙያዎች ለሚሠሩበት የመንገድ ሥራ ሰኔ 26 ቀን ወጥቷል። የተረከበው የውጭ ሰው በራሱ አቆጣጠር ጁላይ 3 ብሎ ፈረመ። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ጁላይን ሐምሌ ብሎ አነበበውና ሞዴሉን ሐምሌ 3 ብሎ በአዲሱ የበጀት ዓመት ጥራዝ ውስጥ አሰረው። እኔ የሰኔን ጥራዝ ብቻ ነበር የገለበጥሁት። ሐምሌን ከፍቼ ባየው ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። ያገኘው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ያን 340 ብር ያዢ። ስሞቹን ለጊዜው ተያቸው። ደብተር ግዢ፤ ያየሽውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፊ፤ ያየሽውንና የገመትሽውን በአንድ ገጽ ላይ አታቀላቅይ። ዋናው ሰነድ በቦታው ይቆይ፤ ቁጥሩን፣ ጥራዙንና ገጹን መዝግቢ። ልዩነቱ ንጹሕ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለሽ ያን ምክንያት ከልብሽ ፈልጊው፤ አሥር ቀን ፈልገሽ ካጣሽው ያኔ ነገር አለ። ብቻሽን ወጥመድ አታጥምጂ። ስቶል ማተሚያዎቹን ሳያስፈቅድ ሰበሰበ እንጂ ክትትሉን አለቆቹ ያውቁ ነበር። አገራችን የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አላት፤ የፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንም ጥቆማ ይቀበላል። አዋጁን አንብቢው፤ ማስረጃሽን ይዘሽ በዚያ በር ግቢ። ፌስቡክ ላይ የወጣ ስም ግን ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ተመልሶ አይገባም።

ኃላፊው ነጻ ወጥተው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ተቀበሉኝ፤ ብዙም አልተናገሩም። በዓመቱ ለቆጠራ ተመልሼ ጥራዛቸውን ስከፍት፣ የውጭ ሰው የፈረመበት ሞዴል 22 ሁሉ ላይ ከፈረንጁ ቀን ሥር የእኛን ቀን በራሳቸው እጅ፣ በቀይ ቀለም ጽፈውበት አገኘሁ።