ድድ ሲደማ መቦረሽ ይቁም? ስለ ድድ ጤና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ስለሚደማ በዚያ በኩል መቦረሽ ትቻለሁ። ጥፋት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ዛሬውኑ ቢያርሙት ደስ ይለኛል። ድድ አብዛኛውን ጊዜ የሚደማው ብሩሹ ስላቆሰለው ሳይሆን፣ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ የተለጠፈው የባክቴሪያ ልባስ ስላስቆጣው ነው፤ ስለዚህ ያንን ጎን በተዉት መጠን ልባሱ ይወፍራል፣ መድማቱም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ በሆነ የዴንማርክ ጥናት፣ ድዳቸው ጤናማ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ሲያቆሙ፣ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ዳነ። ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ሳይጫኑ ይቀጥሉ። ሁለት ሳምንት በሚገባ አጽድተው መድማቱ ካልቆመ ግን የጥርስ ሐኪም ሊያይዎት ይገባል።

ጥያቄ፦ በሚገባ ማጽዳት ሲሉ እንዴት ነው?

መልስ፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛት በፊት፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ለሁለት ደቂቃ ያህል ይቦርሹ። የብሩሹን ፀጉር ወደ ድዱ ጠርዝ አጋድለው በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ያሹት እንጂ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አይሳቡት። ብሩሽ በጥርሶች መካከል አይገባም፤ ለዚያ በቀን አንድ ጊዜ የጥርስ ክር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ እኔ ያደግሁት በወይራ መፋቂያ ነው። አይበቃም?

መልስ፦ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ ልባስ ያነሳል፤ የአባቶቻችንን ልማድ ላጣጥል አልፈልግም። ሆኖም አብዛኞቻችን የምንፍቀው የፊት ጥርሶችን ብቻ ሲሆን የመንጋጋዎቹ የውስጥ ገጽ ሳይነካ ይቀራል፤ ፍሎራይድም የለውም። ከተቻለ ከብሩሽ ጋር ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ እናቴ በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች። ንቅሳቱ ከድድ በሽታ ይከላከላል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አይከላከልም። እንዲያውም ጥቁረቱ የበሽታውን የመጀመሪያ ምልክት፣ ማለትም መቅላቱን፣ ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ እናትዎ ቀለሙን ሳይሆን እብጠቱን፣ መድማቱንና የአፍ ጠረኑን ይከታተሉ።

ጥያቄ፦ ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል ስለሚባል እፈራለሁ።

መልስ፦ ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው ጥርሱን እንዲያጣ አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ያልተነሳ ልባስ በምራቅ ውስጥ ካሉ ማዕድናት ጋር ሆኖ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ ብሩሽ አይለቅም። የድድ መቆጣት ብቻ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይድናል፤ ችላ ከተባለ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት ሊበላ ይችላል፣ የተበላው አጥንትም በራሱ አይመለስም። ከእጥበት በኋላ የላላ የሚመስለው ጥርስ አስቀድሞ አጥንቱን ያጣና በድንጋዩ ተደግፎ የቆየ ነው።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመም አለብኝ። የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ ድድ ኢንፌክሽንን የመቋቋም አቅሙ ይደክማል፤ የታመመ ድድም በበኩሉ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ ጭሱ መድማቱን ስለሚቀንሰው፣ ድድዎ ስላልደማ ብቻ ጤናማ ነው ብለው አይዘናጉ። ለጥርስ ሐኪሙ የስኳር ሕመም እንዳለብዎት አስቀድመው ይንገሩ፤ ለምርመራ የሚመለሱበትንም ጊዜ እንደ ድድዎ ሁኔታ እርሱ ይወስንልዎታል።