ከ«በሞቴ ብላ» እስከ «ትሞታለህ»

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ 51 ዓመቱ ነው፤ ክብደቱ 92 ኪሎ ደርሷል። ከአራት ወር በፊት በስንት ልመናና ማስፈራራት ወስጄ ሳስመረምረው የሦስት ወር አማካይ ስኳሩ 6.1 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ለጊዜው መድኃኒት እንደማያስፈልገው፣ ነገር ግን አመጋገቡን ማስተካከልና እንቅስቃሴ ማድረግ እንዳለበት ነገረው። እኔ ለእሱ ለብቻው አበስላለሁ። በስኳር የቆሰለ እግር ፎቶ አሳትሜ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌለታለሁ። በየቀኑ ‹ሃያ ኪሎ ካልቀነስክ እግርህ ይቆረጣል፣ ትሞታለህ› እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን መኪናው ውስጥ የተደበቀ የኬክ ካርቶን አገኘሁ፤ ስጠይቀው ዋሸኝ። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ቅቤ ሳይቀምስ የሚጾም ሰው፣ ለፈጣሪው ሲሆን የሚችለውን ለእኔ ሲሆን ለምን ያቅተዋል? አባቴም በዚሁ በሽታ እግሩን አጥቶ ነው ያረፈው፤ ያስታመምኩትም እኔ ነኝ። እሑድ እንግዳ ሲኖር ብቻ ሰው ፊት እንዳላሳፍረው ዝም እላለሁ፤ እንደ ወጉም በሞቴ እያልኩ አጎርሰዋለሁ። ልቡን የሚነካ ምን ዓይነት ከባድ ቃል ልናገረው?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁኝ እስካሁን ከተናገሩት የበለጠ የሚያስፈራ ቃል እንድፈልግልዎ ነው። ይህን ላደርግልዎ አልችልም፤ ደብዳቤዎ ውስጥ የሚያስፈራ ቃል ጎድሎ አላየሁምና። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን በማስፈራራት ለምን ይህን ያህል እንዳመኑበት የተረዳሁትን ልንገርዎ።

ባለቤትዎን ወደ ምርመራ የወሰዳቸው ፍርሃት ነው፤ እርስዎም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንኑ መንገድ ይዘው ቀጠሉ። አንድ ጊዜ በሠራ ነገር መተማመን ከማንም የሚጠበቅ ነው። አንድን እውነት በጥቅሙ በኩል መናገርና በጉዳቱ በኩል መናገር በሰው ውሳኔ ላይ የሚያመጣውን ልዩነት ያጠኑ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ 600 ሰዎችን ስለሚያሰጋ ወረርሽኝ ለሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት ምርጫ በተለያየ አነጋገር አቀረቡ። «200 ሰው በእርግጠኝነት ይድናል» ሲባል አብዛኛው መላሽ እርግጠኛውን መንገድ መረጠ፤ ያንኑ ነገር «400 ሰው ይሞታል» ብለው ሲያቀርቡት ደግሞ አብዛኛው ወይ ሁሉም የሚድንበትን ወይ ማንም የማይድንበትን ዕድል መሞከር ፈለገ። አሌክሳንደር ሮትማንና ፒተር ሳሎቬይ በ1997 ይህን ሐሳብ በጤና ላይ ተግብረው አንድ ጠቃሚ መለያ አቀረቡ። ምርመራ መጥፎ ዜና ሊያመጣ ስለሚችል ሰው እንደ አደጋ ያየዋል፤ ስለዚህ «ካልተመረመርክ ይህ ይደርስብሃል» የሚለው አነጋገር ሊገፋው ይችላል። በሽታን አስቀድሞ ለመከላከል የሚደረግ ነገር፣ ለምሳሌ የአካል እንቅስቃሴ፣ የተሻለ የሚበረታታው ግን በሚያስገኘው ጥቅም በኩል ሲነገር ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ልዩነቱ መጠነኛ መሆኑንና በሁሉም ቦታ እንደማይታይ ስላሳዩ እንደ ሕግ አልሰጥዎትም። በእርስዎ ቤት የሆነውን ግን በሚገባ ያስረዳልኛል።

ምርመራ የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው፤ ምሳና ራት ግን በየቀኑ ይመጣሉ፤ ሰውም ለዓመታት እየፈራ መብላት አይችልም። የፈራ ሰው የሚያስፈራውን ነገር ማስወገድ ካቃተው፣ ስለ እሱ ከሚያስታውሰው ሰው ይሸሻል። ሃያ ኪሎ ሩቅ ነው፤ ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ፎቶና የእርስዎ ድምፅ ግን ቅርብ ናቸው። ባለቤትዎ መዋሸታቸውን አላጸድቅም፣ እርስዎንም እንደጎዳዎት ይገባኛል። ነገር ግን የኬክ ካርቶን ከስኳር በሽታ አይደበቅም፤ የተደበቀው ከእርስዎ ነው።

ሃያ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣም አልጻፉልኝም። በአሜሪካ፣ እንደ ባለቤትዎ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ገና ወደ በሽታ ያልደረሰ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ያካተተና ውጤቱ በ2002 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። በዚህ ቡድን በስኳር በሽታ የሚያዘው ሰው፣ እንዲህ ያለ እገዛም ሆነ መድኃኒት ካላገኘው ቡድን ጋር ሲነጻጸር፣ በ58 በመቶ ቀነሰ፤ መድኃኒት በወሰደው ቡድን ደግሞ በ31 በመቶ። 92 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ተኩል የማይሞላ ነው። ባለቤትዎ የሰሙት «ሃያ ካልቀነስክ ትሞታለህ» የሚለውን ነው፤ «ስድስት ብትቀንስ ብዙ ይለወጣል» ያላቸው ሰው ስለመኖሩ አልነገሩኝም።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ የቆየሁበት ይህ ነው። እርስዎ እንደ ክስ ጻፉት፣ እኔ ግን መልሱን ያገኘሁት እዚያው ውስጥ ነው። ባለቤትዎ ራሳቸውን መግዛት እንደሚችሉ በየዓመቱ ለ55 ቀናት አሳይተዋል። በሁዳዴ የሚለወጠው የቤቱ ድስት በሙሉ ነው፤ ሁሉም ከአንድ መሶብ ይበላል፤ መጨረሻውም ፋሲካ ስለሆነ ሰው ወደሚናፍቀው ነገር እየተጓዘ ይጾማል። አሁን ግን ሌላው ቤተሰብ እንደወትሮው እየበላ እሳቸው ለብቻቸው የተሠራ ምግብ ይቀርብላቸዋል። እርስዎ ይህን ያደረጉት ለፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም ከአንድ መሶብ መብላት የኖረበት ሰው ሳህኑ ሲለይበት የሚሰማው ነገር ከቅጣት ብዙ አይርቅም። (የጾም ምግብ ሁሉ ለስኳር ይስማማል ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ፤ የዳቦው፣ የድንቹና የእንጀራው መጠን በጾምም ይታሰባል።)

በደብዳቤዎ ሁለት ጊዜ የመጣ አንድ ቃል አለ። በሥራ ቀን «ትሞታለህ» ይሏቸዋል፤ እሑድ «በሞቴ» እያሉ ያጎርሷቸዋል። «በሞቴ» የአክብሮትና የፍቅር ቃል ነው፣ እኔም በእናቴ ቤት ስሰማው ያደግሁ ነኝ። ሆኖም ባለቤትዎ እንዳይበሉም እንዲበሉም የሚለመኑት በሞት ነው፤ አንዱ በራሳቸው ሞት፣ ሌላው በእርስዎ። በአንጻሩ አብረው ስለሚኖሩት ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ባለቤትዎ ቢድኑ አብረዋቸው ምን ማድረግ ይፈልጋሉ? የት መሄድ፣ የማንን ሠርግ ማየት፣ የትኛውን እርጅና አብሮ ማርጀት? ይህ ሁሉ በልብዎ እንዳለ አምናለሁ፤ ባይኖር ይህን ያህል ባልተጨነቁ። እሳቸው ጋ የደረሰው ግን ጭንቀቱ ብቻ ነው።

ጭንቀቱ ከየት እንደመጣም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነግረውኝ በፍጥነት አልፈዋል፤ አባትዎ እግራቸውን አጥተው አርፈዋል፣ ያስታመሟቸውም እርስዎ ነዎት። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ፎቶ በየቀኑ የሚያዩት ባለቤትዎ ብቻ አይደሉም። ያ እግር ለእሳቸው የማያውቁት ሰው እግር ነው፤ ለእርስዎ ግን የአባትዎ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገር ግን ባለቤትዎን የሚያስፈራሩት ከዚያ የሐዘን ጊዜ በቀረ፣ ለማንም ባላወሩት ፍርሃት ይመስለኛል። ባለቤትዎ ቁጣዎን ያውቁታል። ይህን ፍርሃት የሚያውቁት ግን አልመሰለኝም።

ስለዚህ ፎቶውን ቢያነሱት እመርጣለሁ። ከዚያም ከማዕድ ውጭ በሆነ ሰዓት፣ ምናልባት እየተራመዳችሁ፣ ስለ ኪሎ ሳያነሱ ስለ አባትዎ ቢነግሯቸው፣ እሳቸውም ጤናቸው ቢመለስ ምን እንደሚመኙ ጠይቀው ሳያቋርጡ ቢሰሟቸው ጥሩ ነው። ድስቱ ለሁሉም አንድ ቢሆን፣ የምሽት እርምጃውም የሁለታችሁ ቢሆን ይረዳል። በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ቢራመዱ 150 ደቂቃው ይሞላል። እሑድ ማጉረሱን አይተዉት፤ ጉርሻው ግን ከጎመኑ ወይም ከምስሩ ቢሆን ማንም አይቀየምም። የምግቡን መጠንና ቀጣዩን ምርመራ ሐኪማቸው ይወስኑ። ካርቶኑ በአንድ ሳምንት ላይጠፋ ይችላል፤ ሲያገኙት ሳይመረምሩ ማለፍ ከሁሉም የሚከብድዎት ይህ ይሆናል።

በደብዳቤ ሊዘለቅ የሚችለው እስከዚህ ድረስ ስለሆነ፣ ሁለታችሁም አንድ ላይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ለፊት ብታነጋግሩ እወዳለሁ። ባለቤትዎ አልመጣም ካሉ አያስገድዷቸው፤ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ። ስለ አባትዎ ለማውራት የእሳቸው መኖር አያስፈልግም።