«ደሜ ነው ወይ?»፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ደብዳቤዎች ከየአቅጣጫው ቢመጡም አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ጎረቤቴን የጣለው በሽታ እኔን ያልነካኝ፣ ወይም እኔን ብቻ መርጦ የያዘኝ፣ በደሜ ነው ወይ? ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። ስድቡንም አውጥተናል።

ከአዘዞ፦ ባልና ሚስት በአንድ አልጋ እንተኛለን፤ ቢምቢ የምትነክሰው ግን እኔን ብቻ ነው።

የሰውነት ሽታ ነው፤ ሽታውም በከፊል እንደሚወረስ በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በቡርኪና ፋሶ ደግሞ ከማሽላ የሚጠመቅ የአገራቸውን ጠላ የጠጡ ሰዎች የወባ ትንኝን ይበልጥ ሲስቡ ታይተዋል። ዘርዎን ከመውቀስዎ በፊት ማታ ማታ የሚጠጡትን ይቁጠሩ።

ከቆላ ድባ፣ አንዲት እናት፦ የ19 ዓመት ልጄ ቫይቫክስ ወባ ነው ተብሎ የሦስት ቀን ክሎሮኩዊንና የ14 ቀን ፕሪማኩዊን ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ እንደ ቡና ጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው፣ መድኃኒት አዋቂ ጋ ውሰጂው» ይላል። ክኒኑን ይጨርስ? (ወንድሜም በልጅነቱ የባቄላ እሸት በልቶ እንዲሁ ሆኖ ነበር።)

አይጨርስ። ፕሪማኩዊኑን አቁሞ፣ የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ጋዜጠኛ አይጠየቅም፤ በሰዓታት ውስጥ ደም የሚያስፈልገው ሰው አለ።

የሆነውን እንንገርዎት። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ተውሳክ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የመተኛት ልማድ አለው። ክሎሮኩዊን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ የተኛውን ግን አይደርስበትም፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ «ወባው አገረሸብኝ» የሚባለው ለዚህ ነው። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኩዊን ነው፦ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም፣ ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 15 ሚሊግራም፣ ለ14 ቀን፣ ምግብ ተበልቶ። መድኃኒቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው በአንዳንድ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው። ሕዋሱን እንደ ዝገት ካለ ጉዳት የሚጠብቅ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ እሱ ሲጎድል ፕሪማኩዊን ሕዋሱን ያፈርሰዋል። የፈረሰው ደም በሽንት ሲወጣ ያጠቁረዋል፣ ዓይንንም ቢጫ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው።

ጉድለቱ የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ነው። ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ስለሆነ የአባቱን ወገን መመርመር ዋጋ የለውም፤ የሚጠየቁት የእናቱ ወንድሞች ናቸው። በቅንፍ ጣል ያደረጓት የወንድምዎ ነገር ከደብዳቤው ሁሉ የምትበልጥ ፍንጭ ናት፣ ለሐኪሙም ከሁሉ አስቀድመው ይንገሩት። ባቄላ፣ በተለይ ጥሬ እሸቱ፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ደም የሚያፈርሱ ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ጉድለቱ ያለበት ሁሉ በባቄላ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሽሮውንም ንፍሮውንም በልተው ምንም አይሆኑም። ግን በመኸር ወራት እሸቱና ወባው አብረው ስለሚመጡ፣ የትኛው እንዳሳመመ እስኪጠፋ ድረስ ይደራረባሉ።

ልጁ ሲያገግም የጂ6ፒዲ ምርመራ ይደረግለት። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ነው። ወጥመድ ግን አለው፦ ደም በፈረሰ ሰሞን ያረጁት ሕዋሳት አልቀው ኢንዛይም የሚበዛባቸው አዳዲሶቹ ስለሚቀሩ ምርመራው «ደህና ነው» ሊል ይችላል። እንዲህ ካለ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ይደገም፤ ውጤቱም በካርዱ ላይ በደማቅ ይጻፍ። ሴቶች ሁለት ኤክስ ስላላቸው መሐል ላይ የሚወድቁ አሉ፤ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ የሚለው ፈጣን ምርመራ እነሱን ያልፋቸዋል። ጉድለቱ ከተረጋገጠ ለቫይቫክሱ ሌላ አሰጣጥ አለ፦ በኪሎ 0.75 ሚሊግራም በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ8 ሳምንት፣ በሐኪም የቅርብ ክትትል። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ለነፍሰ ጡርና ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ፕሪማኩዊን ጭራሽ አይሰጥም። በሌላ በኩል ለሌላው የወባ ዓይነት፣ ለፋልሲፓረም፣ ከኮአርተም ጋር የምትሰጠው የአንድ ቀን ትንሽ መጠን ያለ ምርመራም ትሰጣለች፤ ይህን አንብባችሁ እሷንም እንዳትጥሏት።

ከማራኪ፦ ሾተላይ ተላላፊ ነው?

አይደለም። የእናትና የጽንስ የደም ዓይነት (አርኤች) አለመጣጣም ነው፤ መከላከያ መርፌ አለው፣ የእርግዝና ክትትል ላይ ይጠይቁ።

ከዳባት፦ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ልወርድ ነው። አባቴ «የደጋ ደም ለወባ አይመችም፣ ቆለኛው ግን ደሙ ለምዶታል» ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ አርማጭሆ ሦስት ዓመት ዛፍ ሥር ተኝቶ ምንም አልሆነም፤ «ካላ አዛር ደካማ ደም ነው የሚመርጠው» ይለኛል። ማን ልክ ነው?

አባትህ ግማሹን አግኝቶታል፤ ጓደኛህን ተወው።

መልመድና መውረስ ይለያያሉ። ቆላ ተወልዶ በየዓመቱ ወባ ሲነክሰው ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን እየተለማመደ ስለሚሄድ፣ ጎልማሳ ሲሆን ቢያዝም እንደ ሕፃንነቱ አይጥለውም። ይህ የልምምድ ውጤት ነው፤ ለልጁ አያወርሰውም፣ ለዓመታት ከቆላ ከራቀም ይደክማል። ዳባት ላይ ያደገ ሰው ይህ የለውም። የዚህን ዋጋ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1958 አይታለች፤ ወባ ወትሮ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሟል፣ 150 ሺህ ያህሉን ገድሏል ተብሎ ይገመታል። የሞቱት ዘራቸው ደካማ ሆኖ አልነበረም፤ ሰውነታቸው በሽታውን አያውቀውም ነበር።

በእውነት የሚወረስ መከላከያም አለ። ታዋቂው ማጭድ መሰል የደም ሕዋስ የሚያመጣው ዘረመል ነው፦ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ሰው በከባድ ፋልሲፓረም የመያዝ ዕድሉ እጅግ ይቀንሳል፤ ከሁለቱም የወረሰው ግን በሌላ ከባድ በሽታ ይማቅቃል። ወባ በማይበዛበት በእኛ ደጋ ይህ ዘረመል ብርቅ ነው። ሁለተኛው ዳፊ ይባላል፤ ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባበት በር ነው በለው። በምዕራብ አፍሪካ የአብዛኛው ሰው ሕዋስ ይህ በር ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ እምብዛም አይገኝም። እኛ ግን ድብልቅ ነን፤ በሩ ያለውም የሌለውም በአንድ ቤት ይኖራል፣ ቫይቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ዋነኛው ወባችን የሆነው ለዚህ ነው። በሩ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ሲያዙ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለታየ፣ ደምህን ብታስመረምርና «በር የለህም» ብትባል እንኳ አጎበርህን ትተህ አትሂድ።

ወደ ካላ አዛር (ትኩሳት የሚያመጣ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥና የሚያከሳ በሽታ ነው) ስንመጣ፦ ተውሳኩ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ አይታመሙም። ስለዚህ ጓደኛህ አልተነከሰም ይሆናል፣ ተነክሶም ከማይታመሙት ወገን ይሆናል። በዚህ ዘረመል ድርሻ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሕንድና በብራዚል ሕዝብ ላይ የወጣ ጥናት፣ ሰውነት ባዕድ ተውሳክን ለይቶ በሚያሳይበት ኤችኤልኤ በሚባለው የዘረመል ሰፈር ያለው ልዩነት ማን እንደሚታመም ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አረጋግጧል። ግን ይህ ዕድልን የሚያጋድል ትንሽ ክብደት ነው። ከሱ ይልቅ ሚዛኑን የሚሰብሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ረሃብና ኤችአይቪ። በበረሃ ሥራ ወር ሙሉ እንጀራ በበርበሬ እየበላ የሚያጭድ ሰው ምንም ዓይነት ዘር ቢኖረው አይድንበትም።

የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ናት። ከ3 ሚሊሜትር አትበልጥም፣ እንደ ቢምቢ አትጮህም፣ በአጎበር ሰፊ ቀዳዳ ታልፋለች። ቀን የምትደበቀው በዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥና በግራርና በደን ዛፍ ሥር ነው፤ ማታ የምትወጣው የቀን ሠራተኛው በሚተኛበት ሰዓትና ቦታ ነው። ስለዚህ፦ ከዛፉና ከስንጥቁ ራቅ በል፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ሥራ፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዘህ ውረድ፣ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ወትፍ፣ ምሽት ላይ እጅጌህን አውርድ።

አሁን የምለውን ደግሞ በወረቀት ጽፈህ ኪስህ ክተት። ከተመለስክ በኋላ፣ ወራት ቢያልፉም እንኳ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ከግራ ጎድንህ በታች ያበጠ ጣፊያና መክሳት ካየህ የወባ መድኃኒት ደጋግመህ አትግዛ። ሄደህ «መተማ ነበርኩ» በል። ይህች ቃል ከሌለች ሐኪሙ ሌላ በሽታ ሲፈልግ ሳምንት ያልፋል። አር ኬ 39 የሚባለው ፈጣን ምርመራ በእኛ አካባቢ የሚያመልጠው በሽተኛ ስላለ «የለብህም» ብሎህ ምልክቱ ከቀጠለ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ይወሰድ፤ የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይደረግ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየ ማዕከል አለው። ሕክምናው በአብዛኛው ሁለት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን ነው፤ ሳይታከም የቀረ ካላ አዛር ግን ይገድላል። «ይሻለኝ ይሆናል» የሚባልበት በሽታ አይደለም።

ከፒያሳ፦ ጓደኛዬ ኤችአይቪ በደሟ አለ፤ አራት ዓመት አብረን ስንኖር እኔ ነጻ ነኝ። ደሜ አይቀበለውም ማለት ነው አይደል? መልሱን በአጭሩ።

በአጭሩ፦ አይደለም። ሲሲአር5 የሚባለው የቫይረሱ መግቢያ ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽቶ የሚወረሰው ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች ከመቶ በአንዱ ገደማ ሲሆን፣ በአፍሪካውያን ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። እርስዎን የጠበቀዎት የእሷ ክኒን ሳይሆን አይቀርም፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ በግንኙነት አያስተላልፍም። ምስጋናውን ለእሷ ያድርሱና ምርመራዎን ይቀጥሉ።

ከደባርቅ፦ ወንድሜ ሊያገባት ያጫት ልጅ እናት ዝሆኔ አለባቸው። ቤተሰቡ «ይጋባል፣ በዘርም ይወርዳል» ብሎ ሠርጉን ሊያፈርስ ነው።

መጀመሪያ «ይጋባል» የሚለውን እንጣል። በደጋችን የሚታየው ዝሆኔ በአብዛኛው ጀርም የለበትም። ባዶ እግር ለዓመታት የእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ሲረገጥ የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው እብጠት ነው። ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበትም እምብዛም አያልፍም። በትንኝ የሚተላለፈው የቆላው ዝሆኔ ሌላ ነው።

ዘርን በተመለከተ ቤተሰቡ ያለ ነገር አልተናገረም፤ የተረዳው ግን ገልብጦ ነው። በአገራችን ደቡብ የተደረገ ጥናት በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶውን ለዘረመል ሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም እዚያው ኤችኤልኤ ሰፈር ውስጥ ያለው ልዩነት ተለይቷል። ይህ ማለት ግን ከመቶ ልጆች 63ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ሁሉም በባዶ እግር በሚሄድበት መንደር ማን ታሞ ማን እንደሚድን ዘረመል ብዙ ይወስናል ማለት ነው። አፈሩ እግር ካልነካ ዘረመሉ ብቻውን የሚሠራው የለም። ለሙሽራዋና ለሚወለዱት ልጆች የሚያስፈልገው ከመጀመሪያ እርምጃ ጀምሮ ጫማ ነው፤ ከሽማግሌ ወጪ ይረክሳል።

እናትየውን ደግሞ አትርሷቸው። በየቀኑ እግራቸውን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፣ በጣቶቹ መሐል ያለውን በደንብ ያድርቁ፣ ቫዝሊን ይቀቡ፣ ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ ያድርጉ፣ ካልሲና ጫማ ያድርጉ። እብጠቱ በዚህ ይቀንሳል፤ «ምች መታኝ» የሚሉት ድንገተኛ ትኩሳትና ሕመምም ይራራቃል። የፋሻ አጠማዘዙን ጤና ጣቢያ ያሳዩዋቸው።

ከቀበሌ 18፦ በአንድ ቤት ሦስት ሰው ቲቢ ያዘን። «በዘራቸው ቲቢ አለ» ተብለናል።

ከዘራችሁ በፊት መስኮታችሁን ክፈቱ፤ አንድ ቤት የሚጋራው አንድ አየር ነው። ዘረመል የለበትም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1930 በጀርመኗ ሉቤክ ከተማ 251 ሕፃናት በስህተት የቲቢ ባክቴሪያ የገባበት ክትባት ተሰጥቷቸው 72ቱ ሲሞቱ የሚበዙት ተርፈዋል። የገባባቸው መጠን ልዩነት ነበረው፣ የሰውነታቸው ልዩነትም እንዲሁ። ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ያሉ ከ5 ዓመት በታች ልጆች ባያስሉም ይመርመሩ፤ ካልታመሙ መከላከያ መድኃኒት ይጀመርላቸው። አይሶናያዚድ የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት ስትወስዱ እግራችሁን ከነዘራችሁ ወይም ካቃጠላችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱን ጉበታቸው ቀስ ብሎ የሚያወጣ ሰዎች በአገራችን ብዙ ናቸው፣ ይህም በዘር ነው፤ ቫይታሚን ቢ6 ይታዘዝላችኋል።

ከአይከል፦ የደም ዓይነቴ ኦ ነው። የትኛው በሽታ ነው የሚፈራኝ?

ከባድ ፋልሲፓረም ወባ ትንሽ ይፈራዎታል፤ ኮሌራ ግን ሲይዝ የኦ ሰዎችን ይበልጥ ያከብዳቸዋል። ኮሌራ ገባ ሲባል ውሃ ያፍሉ፣ ኦአርኤስም ቤት ይኑር፤ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ እንጂ በብርጭቆ አይበጥብጡት።