መልስ፦ ሲጋልን (የቢዋይዲን ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና) በቤት ሶኬት ቻርጅ ማድረግ ይቻላል ወይ?

አዎ ይቻላል፣ ቢዋይዲ ሲጋልህን በተራ የቤት ሶኬት መሙላት ትችላለህ፣ የግድግዳ ቻርጀር እስክታስገጥም መኪናው መቆም የለበትም። በእጅ የሚያዘው ቻርጀር 10 አምፒር ከሆነ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ነው የሚስበው፣ ስለዚህ ማታ ሰክተኸው ለ8 ሰዓት ያህል ቢያድር ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ 40 ፐርሰንት አካባቢ ይሞላል። ለአዲስ አበባ ውሎ ይበቃል፣ ቢዋይዲ በፈረንጆቹ 2023 ያወጣትም ለከተማ መኪናነት ነው።

ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ካለህ መጀመሪያ ሶኬቱ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) እንዳለው አስፈትሽ፣ ብዙ የድሮ ቤት የለውም።

ግን እባክህ በኤክስቴንሽን እንዳትሞክረው!! ሰፈራችን አንድ ቤት ሶኬቱ ሌሊት ቀልጦ አድሯል፣ ሰው ተኝቶ ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ከብሬከሩ ለብቻው 4 ሚሊ ሽቦ አስዘርጋ።