ማህደር ውስጥ የቆየው ትርታ

አንዲት የፊዚክስ ተማሪ «ሊቃውንቱ የተስማሙበትን ነገር እኔ እንደገና ብመረምረው ምን ይጨምራል?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

አውሮፓ ውስጥ የኤክስሬይ ቴሌስኮፖችን መረጃ በምንመረምርበት ተቋም አንድ ወጣት ባልደረባ ነበረኝ። በሩቅ ጋላክሲዎች ውስጥ ከፀሐይ በሚሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ኃይል የሚረጩ አካላት አሉ። ያኔ ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው እንል ነበር። ወደ አንድ አካል የሚወድቅ ቁስ ሲግል ያበራል፤ ብርሃኑም የሚወድቀውን መልሶ ይገፋል። ግፊቱና ስበቱ የሚተካከሉበት ጣሪያ የኤዲንግተን ወሰን ይባላል። አካሉ በከበደ መጠን ጣሪያው ከፍ ይላል። ስለዚህ የፀሐይን 1.4 እጥፍ ያህል ብቻ የሚከብድ ኒውትሮን ኮከብ (የፈነዳ ትልቅ ኮከብ የታመቀ ቅሪት) ይህን ያህል ሊያበራ አይችልም ተባለ። ያ ልጅ ግን «ትርታ እንዳላቸው እንፈልግ» አለ። ጥቁር ጉድጓድ ጠንካራ ገጽ ስለሌለው እንደ ሰዓት አይመታም፤ በመግነጢሳዊ ዋልታዎቹ ላይ ቁስ የሚወርድበት ኒውትሮን ኮከብ ግን በተሽከረከረ ቁጥር ብልጭ ይላል። ኃላፊው «የኮምፒውተር ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ከለከለው። ልጁም ብዙ ሳይቆይ ሙያውን ትቶ ባንክ ገባ። ጥራት የሌለውን መረጃ ከእርሱ በተሻለ የሚያጠራ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኑስታር የተባለው ቴሌስኮፕ የፈነዳ ኮከብ ሊያይ ወደ ኤም82 ጋላክሲ ዞረ። ማቴዮ ባኬቲና ባልደረቦቹ በዚያው መረጃ ውስጥ በየ1.37 ሴኮንዱ የሚመታ አካል አገኙ። 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኝ፣ ከአንድ ከተማ የማይሰፋ ኒውትሮን ኮከብ ነበር! እኔን ያንገበገበኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በኤንጂሲ 5907 ጋላክሲ ያለው የበለጠ ብሩህ አካል ትርታው እ.ኤ.አ. በ2003 በተመዘገበ መረጃ ውስጥ ተገኘ። ከአሥር ዓመት በላይ ማህደር ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ወሰኑን እንዴት እንዳለፉት ክርክሩ አላለቀም። ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጠቦ ይወጣል የሚሉ አሉ፤ ብርቱው መግነጢስ የብርሃኑን ግፊት ያዳክማል የሚሉም አሉ።

የዛሬ ወጣቶች ፈጣኖች ናችሁ፤ ነገር ግን መልሱ ስልካችሁ ላይ ካልተገኘ ጥያቄውን ቶሎ ትተዉታላችሁ። የሊቃውንት ስምምነት አያስራችሁ እላለሁ፤ ያም ሆኖ የኤዲንግተንን ስሌት ከሊቃውንቱ ተምራችሁ በእጃችሁ ሳትሠሩ ወደ መረጃው አትግቡ።

አንቺ ልጄ፣ የኑስታርም፣ ኤክስኤምኤም ኒውተን የተባለው ሌላው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕም ማህደር ለማንም ክፍት ነው። አንድ አካል ምረጪ። ቁሱን በሚስብበት ጓደኛ ኮከቡ ዙሪያ ሲዞር ትርታው ስለሚዛባ መጀመሪያ ያንን አርሚ። ያገኘሽውንም ያጣሽውንም ጻፊልኝ።